ሰዓት ተቀንሶ ሥራ ሲበዛ አንኢምፕሎይመንት ይገባል ወይ?

እህቴ፣ ሲያትል ውስጥ ሰዓትሽ ከ40 ወደ 20 ወርዶ ሥራው ግን እንዳለ ከሆነ፣ ሳትባረሪም አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥነት አበል) በከፊል ይከፈልሻል።

በዋሽንግተን ስቴት ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ታክስ ሳይነሳለት ከሳምንቱ ገቢሽ 5 ዶላር ይቀነሳል፤ ከቀረው 75 በመቶው ከሳምንታዊ አበልሽ ላይ ይቆረጣል። አበልሽ 400 ቢሆንና 20 ሰዓት በ20 ዶላር ብትሠሪ፣ 395 በ0.75 ሲባዛ 296.25 ነው። 104 ዶላር ገደማ ይደርስሻል። በዚህ አበል የሳምንቱ ገቢሽ 538 ካለፈ ግን ምንም የለም። የመጀመሪያዋ ሳምንት አትከፈልም፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ አመልክቺ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ለአበሉ በየሳምንቱ ገቢውን ሲያሳውቅ ቼኩ የገባበትን ሳምንት ሲሞላ ነው። የሚሞላው ከእሁድ እስከ ቅዳሜ የሠራሽው ነው፣ ባይከፈልሽም እንኳ። ታክስ ተነስቶለት እጅሽ የገባውን የተጣራ ብር ከጻፍሽ፣ በኋላ የተከፈለሽን መልሺ ትባያለሽ።

አለቃሽን ስለ ሼርድወርክ (ሠራተኛ ከሚባረር ሰዓቱ ተቀንሶ ከፊል አበል የሚያገኝበት የስቴቱ ፕሮግራም) ጠይቂው። የሚያመለክተው አሠሪው ነው፤ ሰዓት ከ10 እስከ 50 በመቶ ሲቀነስ ይሠራል። በግማሽ ለተቀነሰ ሰው የአበሉን ግማሽ፣ ላንቺ 200 ዶላር ማለት ነው። ከ104 ጋር አይወዳደርም!

ሥራው ስለበዛ የመውጫ ካርድ ከመታሽ በኋላ በነፃ እንዳትሠሪ። መግቢያና መውጫሽን በየቀኑ ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ ያልተከፈለሽ ካለ በ3 ዓመት ውስጥ ለኤል ኤንድ አይ (L&I፣ የስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) አቤት ማለት ይቻላል።

መልቀቅ ካማረሽ፣ ሰዓት በ25 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነሱ በሕጉ በቂ ምክንያት ነው። «ሥራ በዛብኝ» ብቻ ብለሽ ከለቀቅሽ ግን ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ስለዚህ የሰዓት ቅነሳውን ቴክስት ወይም የሥራ ሰዓት ፕሮግራም ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ። ለአንኢምፕሎይመንት ቢሮው ስትደውዪ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በነፃ ነው።