ለካራቴ ልምምድ ወደ ጃፓን ለሚጓዙ፦ ጥያቄና መልስ

ካራቴን ከሠላሳ ዓመት በላይ ተለማምጃለሁ፤ ለዚሁ ሲባልም ሦስት ጊዜ ወደ ጃፓን ተጉዣለሁ፤ ሁለቱን ጊዜ አብዛኛውን ቆይታዬን ያሳለፍሁት በኦኪናዋ ነው። ለመጓዝ ያሰባችሁ አባላት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በደረሱኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፦ አስተማሪያችሁ ሳያውቅና ለምትሄዱበት ዶጆ (የካራቴ መለማመጃ ቤት) አስቀድማችሁ ሳትጽፉ ከአገር አትውጡ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ሾቶካን የሚባለው የካራቴ ስልት ተማሪ ነኝ፤ ያለኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ቶኪዮ ልሂድ ወይስ ኦኪናዋ?

መልስ፦ ሾቶካን ከሆንህ ቶኪዮን መዝለል አይገባህም፤ ነገር ግን ሦስቱንም ሳምንት እዚያ አትጨርስ። ምክንያቱን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ካራቴ የተወለደው ዛሬ ኦኪናዋ በምንላቸው፣ እስከ 1879 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ድረስ የሪዩኪዩ መንግሥት ግዛት በነበሩት ደሴቶች ነው። የኦኪናዋው መምህር ኢቶሱ አንኮ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ትምህርት ቤቶች አስገባው፤ ፒናን የሚባሉትን አምስት ካታዎች (በተወሰነ ቅደም ተከተል ለብቻ የሚሠሩ የምትና የመከላከል እንቅስቃሴዎች) ለወጣት ተማሪዎች እንዲስማሙ አድርጎ ያዘጋጀውም እሱ ነው። የሾቶካን መሥራች ፉናኮሺ ጊቺን በ1922 ቶኪዮ ላይ ካራቴን ለሕዝብ አሳየ፤ እዚያም እያስተማረ ቀረ፤ ኋላም እነዚያኑ ካታዎች ሄይያን ብሎ ሰየማቸው፤ የመጀመሪያዎቹን የሁለቱን ቅደም ተከተልም አቀያየረ። ስለዚህ አንተ ሄይያን ሾዳን (አንደኛ) ብለህ የምትሠራውን ካታ ኦኪናዋ ውስጥ የሚያውቁት ፒናን ኒዳን (ሁለተኛ) ብለው ነው። ይህን ሳታውቅ ሄደህ «ሾዳን ሥራ» ብትባል ሌላ ካታ ትጀምራለህ።

ልዩነቱ ግን በስም ብቻ አያበቃም። በ1949 በተመሠረተው በጃፓን ካራቴ ማኅበር ዋና ዶጆ ቶኪዮ ውስጥ ስትለማመድ ረጅምና ዝቅ ያለ አቋቋም፣ በቁጥር የሚመራ ልምምድ፣ አንዱን መሠረታዊ ምት ደጋግሞ መምታት ይጠብቅሃል፤ የአንተም ትምህርት የመጣው ከዚያ ስለሆነ እንግድነት አይሰማህም። ኦኪናዋ ውስጥ ግን ብዙው ዶጆ የመምህሩ ቤት ምድር ቤት ነው። ተለማማጆቹ ከሥራ ውለው የሚመጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተም ብዙ ነው። በአንድ ጥግ ማኪዋራ (እየተመታ የሚለማመዱበት እንጨት) ተተክሎ ታያለህ፤ እጀታ የገባለት የድንጋይ ክብደትና አፋቸው በጣት ተይዞ የሚነሡ ማሰሮዎችም አሉ። አቋቋሙ አጠር፣ ከፍ ያለ ነው፤ መምህሩም የካታው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሰው ላይ ሲውል ምን እንደሚሠራ በእጅህ ላይ ያሳይሃል። እኔ ሃያ ዓመት የሠራሁትን አንድ እጅ መመለስ ትርጉሙን ያወቅሁት እዚያ ክንዴ ከተያዘ በኋላ ነው።

የእኔ ምክር አንድ ሳምንት ቶኪዮ፣ ሁለት ሳምንት የኦኪናዋ ዋና ከተማ ናሃ ነው፤ በአውሮፕላን ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። በ2017 ከናሃ አጠገብ ቶሚጉሱኩ ላይ የተከፈተው የኦኪናዋ ካራቴ ካይካን ከውጭ የሚመጡ ተለማማጆችን ከዶጆዎች ጋር የሚያገናኝ የመረጃ ማዕከል አለው፤ ስልትህን፣ የተለማመድህበትን ዓመት፣ የአስተማሪህን ስምና የምትገኝባቸውን ቀናት ጽፈህ ላክላቸው። ልምምዱ በአብዛኛው ማታ ማታ፣ በተወሰኑ ቀናት ብቻ መሆኑንም አስበህ ቀንህን አደላድል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ስለ ጃፓን ጉዞ ማወቅ ያለብንን ሁሉ ቢነግሩን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም። ስልትህን፣ የምትሄድበትን ወርና የምትፈልገውን ነገር ጽፈህ እንደገና ጠይቅ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ደብዳቤው ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል? ዶጆ ለሁሉም ክፍት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በመጀመሪያው ጉዞዬ ቦርሳዬን ይዤ ሳልጽፍ አንድ ዶጆ ደጃፍ ቆምሁ። ያነጋገሩኝ ሰው በታላቅ ትሕትና «ትንሽ ያስቸግራል» አሉኝ። እኔም ችግሩ እስኪቃለል ልጠብቅ ብዬ በማግስቱ ተመለስሁ፤ ያው መልስ ተሰጠኝ። «ትንሽ ያስቸግራል» ማለት በጃፓን ሰው አፍ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ የነገረኝ ያረፍሁበት ቤት ባለቤት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስድስት ቀንም አቃጠለብኝ።

ደብዳቤውን የሚጽፈው አስተማሪህ ነው። ማን እንደሆንህ፣ ከማን እንደተማርህ፣ ስንት ዓመት እንደተለማመድህና ስለ ጠባይህ እሱ ኃላፊነት እንደሚወስድ ይገልጻል። እኛ አገር ሰው ቤት እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ስለ እንግዳው እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ አንተ ዶጆው ውስጥ የምታጠፋው ጥፋት በአስተማሪህ ላይ ይቆጠራል። ክፍያውንም በዚያው ደብዳቤ ጠይቅ፤ ስትከፍልም ገንዘቡን በፖስታ አድርገህ በሁለት እጅህ ስጥ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ የቪዛውስ ነገር?

መልስ፦ በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል ፓስፖርት የምትጓዙ ለአጭር ጉብኝት፣ እስከ 90 ቀን፣ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ኢትዮጵያ የሚኖር ግን አዲስ አበባ በሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ማመልከት አለበት፤ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ቀን በቀን የተዘረዘረ የቆይታ መርሐ ግብር ስለሆነ የዶጆው መልስ እዚህም ይጠቅማል። ሌላውን ኤምባሲውን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከመለማመድ ይልቅ ማየት ለምፈልግ ወሩ የትኛው ነው?

መልስ፦ ኦክቶበር። የካራቴ ስም ቀድሞ «የቻይና እጅ» የሚል ትርጉም ባለው ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በኦክቶበር 25 ቀን 1936 ናሃ ላይ የተሰበሰቡ መምህራን «ባዶ እጅ» ተብሎ እንዲጻፍ ተስማሙ። የኦኪናዋ ምክር ቤት በ2005 ያንን ቀን የካራቴ ቀን ብሎ ደነገገው፤ በዚያ ሰሞን በናሃ ኮኩሳይ ጎዳና ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም ተሰልፎ ካታ ሲሠራ ታያለህ። የመላው ጃፓን የካራቴ ሻምፒዮና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር ይካሄዳል።

ቶኪዮ ከደረስህ ኒፖን ቡዶካን የሚባለውን የውድድር አዳራሽ ሳታይ አትመለስ። የተሠራው ለ1964ቱ ኦሊምፒክ የጁዶ ውድድር ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፏል። በ2021 ካራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሲሆንም የተካሄደው እዚያው ቡዶካን ነበር፤ የኦኪናዋው ልጅ ኪዩና ሪዮ በካታ ወርቅ ያገኘው በዚያ ምንጣፍ ላይ ነው።

ከኦገስት አጋማሽ ተጠንቀቅ፤ የሙታን መታሰቢያ በዓላቸው ስለሆነ ብዙ ዶጆ ይዘጋል። ለማየት ብቻ ዶጆ የምትገባም ብትሆን ቀድመህ አስፈቅድ፤ ያለ ፈቃድም ፎቶ አታንሣ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ በብዙ ዶጆ ግድግዳ ላይ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ መቅደስ እንዳለ ሰምቻለሁ። ለእሱ መስገድ ለክርስቲያን ይፈቀዳልን?

አባል (ከአዳማ)፦ በፍጹም አይፈቀድም። ስግደት ለአምላክ ብቻ ነው።

አባል (ከቴል አቪቭ)፦ እኔ የምለማመድበት ዶጆ ፊት ለፊት የተሰቀለው የመሥራቹ ፎቶ ብቻ ነው። እጅ መንሳትና መስገድ አንድ አይደሉም፤ ልጅ ለአባቱ ጎንበስ ሲል አመለከው አይባልም።

አባል (ከአዳማ)፦ ፎቶና መቅደስ ግን አንድ አይደሉም። የአክብሮት ስግደትና የአምልኮት ስግደት የሚለዩት በሚሰገድለት ነው።

አባል (ከቴል አቪቭ)፦ በልብም ይለያሉ እንጂ! ደግሞስ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ያልተስማማችሁ ሰዎች ይህን በአንድ ቃል እንዴት ትቆርጣላችሁ?

አባል (ከጎንደር)፦ ዓሣ በጾም አይበላም፤ ይህ ክርክር የለውም።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ የዓሣው ክርክር እዚህ ላይ ይብቃ። ለጎንደሩ ጠያቂ የምመልሰው ያየሁትን ነው። መቅደስ የሌለው ዶጆ ብዙ ነው፤ ባለበትም ሰላምታው «ለፊተኛው ስፍራ»፣ «ለመምህሩ»፣ «እርስ በርስ» ተብሎ በየተራ ይታዘዛል። ኅሊናህ ካልፈቀደ በደብዳቤህ ላይ አስቀድመህ በአክብሮት ግለጽ። ቀድሞ የተነገረውን መምህር ቅር ሲለው አላየሁም፤ በሰልፍ መካከል ቀጥ ብሎ የቀረ እንግዳ ግን ሁሉንም ያስደነግጣል። የሃይማኖቱን ብያኔ ንስሐ አባትህን ጠይቅ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ እንግዲያውስ በጾም ወቅት ምን ልብላ?

መልስ፦ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ በሚባል መረቅ ይሠራል፤ እሱም በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። የቡድሃ ገዳማት ምግብ የሆነው ሾጂን ሪዮሪ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ነው፤ ግን ርካሽ አይደለም። ሩዝ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉና ፍራፍሬ ከሱቅ ገዝተህ ራስህ ብታሰናዳ ይቀልሃል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ጊዜ ካጠረኝ ሳልጽፍ ብሄድስ?

መልስ፦ ይህን ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሳትጽፍ አትሂድ። ጊዜ ካጠረህ ጉዞውን አዘግየው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በሁለት ሳምንት ቆይታ ጥቁር ቀበቶ ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ለዚህም አይኬድም። በሌላ ስልት ዶጆ ከገባህ ነጭ ቀበቶ ይዘህ ሂድ፤ የራስህን እሰር ካሉህ ታስራለህ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አካሌን እንዴት ላዘጋጅ? ሩጫ እሮጣለሁ።

መልስ፦ ትንፋሽህ አያሳስበኝም፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተለማመደ ሰው በባሕር ጠረፍ ትንፋሽ አያጥረውም። የሚጥልህ ወበቁ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ልብስህ ልምምዱ ሳይጋመስ ይረጥባል፤ ቢያንስ ሁለት ልብስ ያዝ። ከመሄድህ በፊት ግን ጉልበትህን አለማምድ፦ በየቀኑ ተረከዝህ ላይ ተቀምጠህ ከአምስት ደቂቃ ጀምረህ ጨምር። ብዙ ጥሩ ተለማማጅ ያፈረው በመምታት ሳይሆን መምህሩ ሲናገሩ ተንበርክኮ መቀመጥ አቅቶት ነው። ጥፍርህን ቁረጥ፤ ልምምዱ ሲያበቃም ጨርቅ ይዘው ወለል ሲያጸዱ ሳትጠራ ተነሥተህ አብረህ አጽዳ።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን)፦ ለመምህሩ ምን ስጦታ ይወሰዳል? ከአገር ቤት ቋንጣ አስልኬ ነበር።

መልስ፦ ቋንጣውን ተወው፤ የሥጋ ውጤት ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት ጃፓን አይገባም። ቡና ውሰድ። የተቆላ ይሁን፤ ጥሬው የዕፅዋት ኳራንቲን ምርመራ አለበት። በጥሩ ወረቀት ጠቅልለህ ከልምምዱ በፊት በሁለት እጅህ ስጣቸው። በፊትህ ሳይከፍቱት ወደ ጎን ቢያስቀምጡት ቅር አይበልህ፤ ልማዳቸው ነው።