ስለ «ራንደም ሃርቨስት» ጠይቁኝ

«ካዛብላንካ»ን የማያውቅ የድሮ ፊልም ወዳጅ የለም። በዚያው በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ራንደም ሃርቨስት»ን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው፤ እኔ ደግሞ ደጋግሜ አይቼው አልጠገብኩትም። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታሪኩ ባጭሩ?

መልስ፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተጎዳ እንግሊዛዊ መኮንን ማንነቱን ረስቶ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገብቷል። ጦርነቱ ያበቃ ዕለት ከዚያ ሾልኮ ሲወጣ ፓውላ የምትባል የመድረክ ዘፋኝ ታስጠጋዋለች፤ «ስሚዚ» ትለዋለች፤ ይጋባሉ። ኋላ ለሥራ ሊቨርፑል ሄዶ መኪና ይገጨዋል። ሲነቃ ሀብታሙ ቻርልስ ሬይነር መሆኑ ትዝ ይለዋል፤ ፓውላ ግን ከነጭራሹ ጠፍታበታለች። ኪሱ ውስጥ የየትኛው በር እንደሆነ የማያውቀው ቁልፍ አለ።

ጥያቄ፦ ከልቦለዱ ይለያል?

መልስ፦ መጽሐፉን ልታነቡ ያሰባችሁ ይህን ዝለሉት። ጄምስ ሂልተን በ1941 ባሳተመው ልቦለድ፣ የቻርልስ ጸሐፊ የነበረችው ሚስቱ ፓውላ ራሷ መሆኗን አንባቢው የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ፊልም ይህን ሊደብቅ አይችልም፤ ፊቷን አይተነዋላ! ስለዚህ አዘጋጁ መርቪን ለሮይ ምስጢሩን ለእኛ ገልጦ ከቻርልስ ብቻ ሸሸገው። ፓውላ ጸሐፊው ሆና ማስታወሻዋን ይዛ ፊቱ ትቀመጣለች፣ እሱ ደብዳቤ ያጽፋታል፣ እኛ ሚስቱ መሆኗን እያወቅን እናያለን። መጽሐፉ አስገረመኝ፤ ፊልሙ አንጀቴን በላው። ለእኔ ፊልሙ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ለምን አትነግረውም? እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን እነግረው ነበር!

መልስ፦ ብትነግረው ጨዋ ነውና ግዴታውን ይወጣል። እሷ የምትሻው ግን ራሱ አስታውሶ እንዲወዳት ነው። ፓውላን ሆና የምትጫወተው ግሪር ጋርሰን ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ፈገግ ስትል ዓይኗን ተመልከቺ።

ጥያቄ፦ ሮናልድ ኮልማን ለቻርልስ ሚና አላረጀም?

መልስ፦ 50 አልፎታል፤ መጀመሪያው ላይ ያስታውቃል፣ አልክድም። ግን እሱም በ1914 ቤልጅየም ውስጥ ሜሲን ላይ የቆሰለ ወታደር ነበር። ቃል አልወጣ ብሎት ሲንተባተብ ያንን እያሰብኩ ነው የማየው።

ጥያቄ፦ ኦስካርስ?

መልስ፦ በ7 ዘርፍ ታጭቶ አንድም አላገኘም። የሱዛን ፒተርስ ነገር ይቆጨኛል። የቻርልስን እጮኛ ኪቲን ሆና ትጫወታለች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሠርጋቸውን መዝሙር ሲመርጡ ቻርልስ ቀና ብሎ ያያታል፤ በእሷ ውስጥ ሌላ ሴት እየፈለገ እንደሆነ ያኔ ይገባታል። ከፊልሙ ሁሉ እሷን ትዕይንት እወዳታለሁ።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ያስለቅሳል?

መልስ፦ ያስለቅሳል። አልነግርሽም፤ ሲጢጥ የሚለውን የአጥር በርና ቁልፉን ብቻ ከመጀመሪያው ልብ በይ።