ዕጢው ከጠፋ በኋላ የተረፉት ሕዋሳት

እኅቴ፣ አባትሽ ኦሲመርቲኒብ የተባለውን የካንሰር ኪኒን ሲወስዱ የሳንባ ዕጢያቸው ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ያገረሸው አንዳንድ ቀን ኪኒኑን በመዝለላቸው ወይስ ዕጢውን ዳግም ያበቅላል በሚባለው «የካንሰር ግንድ ሕዋስ» ምክንያት እንደሆነ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም፤ የምመልስልሽ የሳንባ ካንሰር ሕዋሳት በሚጠኑበት ላቦራቶሪ አራት ዓመት ስሠራ ካየሁት ነው።

በመጀመሪያ ራሳችሁን አትውቀሱ። ኦሲመርቲኒብን በመጀመሪያ ሕክምናነት በፈተሸው ዋና ጥናት፣ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት አማካይ ጊዜ 18.9 ወር ነበር፤ ስለዚህ በአባትሽ ላይ የደረሰው መድኃኒቱን በሥርዓት በወሰዱ ሰዎችም ላይ የሚደርስ ነው።

ሕዋሱ እንዲያድግ ምልክት የሚሰጠው የኢጂኤፍአር ዘረ መል ለውጥ ባላቸው፣ ፒሲ9 በሚባሉ የሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ላይ፣ እንደ ኦሲመርቲኒብ ይህንኑ ምልክት የሚያግደውን ጌፊቲኒብ የተባለ መድኃኒት ስንጨምር ሳህኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ባዶ ይመስል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳይ ግን እዚህም እዚያም የተጣበቁ፣ የማይሞቱም የማይባዙም ጥቂት ሕዋሳት አገኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት መጠናቸውን ከመቶ 0.3 ገደማ አድርጎታል። መድኃኒቱ የማይነካቸው ከጥንቱ የተለዩ ሕዋሳት መስለውኝ ነበር። መድኃኒቱን አቋርጠን ስናሳድጋቸው ግን እንደገና ተባዙ፤ መድኃኒቱን ስንመልስባቸውም አብዛኞቹ እንደ ፊተኞቹ ሞቱ። ዘረ መላቸው ሳይለወጥ፣ የትኛው ዘረ መል እንዲሠራና የትኛው እንዲዘጋ የሚወስነው የዲኤንኤ አጠቃለል ብቻ ተለውጦ ለጊዜው አድፍጠው ነበር። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚያገረሸውን የቫይቫክስ ወባ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም።

በእነዚህ ተራፊዎች ላይ ሲዲ133 የተባለውን ፕሮቲን የመሰሉ የግንድ ሕዋስ ምልክቶች ስለሚታዩ ስያሜው ተከትሏቸዋል። እኔ ግን በሳንባ ካንሰር ረገድ «ግንድነት» የተለየ የሕዋስ ዘር ከመሆን ይልቅ ሕዋሱ የሚገባበትና የሚወጣበት ሁኔታ ነው ወደሚለው አደላለሁ።

አደጋው ያደፈጡት ሕዋሳት በቆዩ ቁጥር ከመካከላቸው አንዳንዱ እውነተኛ ለውጥ ማግኘቱ ነው፦ ሲ797ኤስ የተባለው ለውጥ መድኃኒቱ የሚጣበቅበትን ቦታ ያሳጣዋል፤ የሜት ዘረ መል ሲበዛ ሕዋሱ በሌላ መንገድ የዕድገት ምልክት ያገኛል፤ አልፎ አልፎም ዕጢው ጭራሹን «ትንሽ ሕዋስ ካንሰር» ወደሚባል ሌላ የሳንባ ካንሰር ዓይነት ይለወጣል። ለእያንዳንዱ የሚታሰበው ሕክምና ስለሚለያይ፣ ካገረሸው ዕጢ አዲስ ናሙና መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ። የደም ምርመራ የዘረ መል ለውጦችን ሊያሳይ ይችላል፤ ወደ ትንሽ ሕዋስ ካንሰር መለወጡን የሚያረጋግጠው ግን የሥጋ ናሙናው ነው።