ሳን ማሎ ከልጆች ጋር፦ መጀመሪያ የባሕሩን ሰዓት እዪ

እህቴ፣ «ነሐሴ ላይ ሁለት ልጆቼን ይዤ ከፓሪስ ሳን ማሎ ለሁለት ቀን ልሄድ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሻል። እኔ ወደዚህች የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ አራቴ ሄጃለሁ። ከሆቴሉም ከምግቡም በፊት የባሕሩን ሰዓት እዪ። የባሕሩን መሙላትና መጉደል ፈረንሳዮች «ማሬ» ይሉታል። የሞላው ባሕር በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ይሸሻል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሞላል። ኃይለኛ በሆነበት ቀን ከፍታው በ13 ሜትር ገደማ ይለያያል። የአራት ፎቅ ቁመት ማለት ነው!

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ይህን ሳላውቅ ነው። ከከተማው ቅጥር ፊት ለፊት ግራን ቤ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲጎድል በእግር ይኬዳል። በ1848 የሞተው ደራሲ ሻቶብሪያን የተቀበረው እዚያ ነው፤ መቃብሩ ላይ መስቀል እንጂ ስም የለም። ልጄን ይዤ ወጣሁ፣ ቁጭ ብለን ብስኩት በላን። ስንወርድ የድንጋዩ መንገድ መሃሉ ላይ ውሃ ገብቶበታል። ልጁን አዝዬ ሮጥኩ። ስገባ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የነበረው ውሃ ስወጣ ጉልበቴ ደርሷል። ዞር ስል መንገዱ የለም። አንቺ እንዲህ እንዳታደርጊ። ውሃ ከቀደመሽ እዚያው ደሴቷ ላይ ሆነሽ እስኪጎድል ጠብቂ።

ኢንተርኔት ላይ «ኦሬር ደ ማሬ» (የማሬ ሰዓት) ብለሽ ፈልጊ። ከሰዓቱ አጠገብ ከ20 እስከ 120 የሚሄድ ቁጥር አለ። ከ100 ካለፈ ባሕሩ በጣም ርቆ ይሸሻል፣ በጣምም ይሞላል።

ለልጆች የምወደው ቦን ሰኩር የሚባለውን ዳርቻ ነው። ባሕሩ ሲሄድ ውሃ ይዞ የሚቀር በግንብ የታጠረ መዋኛ አለው። ሲሞላ ግን ግንቡ ይሰወርና መዝለያው ብቻ ከባሕሩ መሃል ብቅ ብሎ ይታያል። ውሃው በነሐሴም ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያዢ።

ባቡሩ ከፓሪስ ሞንፓርናስ ጣቢያ ቀጥታ ከሆነ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። በቅጥሩ ላይ መዞር በነጻ ነው።

ፍልሰታን የምትጾሚ ከሆነ ጋሌት አለልሽ። ፈረንሳዮች ጥቁር ስንዴ ከሚሉት እህል ዱቄት፣ ከውሃና ከጨው ይቦካል። ክብ ምጣድ ላይ በእንጨት ሲያሰፉት እንጀራ እንጂ ሌላ አይመስልም። ቅቤ ስለሚወዱ ግን «ሳን ቤር» (ያለ ቅቤ) በይ፤ ሊጡ ውስጥ እንቁላል እንዳለም ጠይቂ።

የምትሄጅበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ሰዓቱን አብረን እናያለን።