መልስ፦ ቀይ ቀበሮ ላይ ማን ተኮሰ?

«ማንም የማይተኩስበት እንስሳ በሰው ምክንያት እንዴት ይጠፋል?» ላሉት፣ ቀይ ቀበሮን ይመልከቱ። በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። እረኛ ከብቱን ይዞ ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል፤ ያልተከተበው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ይሄዳል። ቀበሮዎቹ ደግሞ አደናቸው ለየብቻ ቢሆንም ኑሯቸው በመንጋ ነው፤ ማለዳ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ አለቀ ማለት ነው። የገብስ እርሻ ሽቅብ በገፋ ቁጥር ፍልፈል የሚያድኑበት ሜዳም ይጠባል።

እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለውሻ ክትባት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለእረኛውም ልጆች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ ለቀበሮዎቹ የሚሰጥ ክትባትም አለ። የመንዝ ገበሬዎችማ ጓሳ የተባለውን የሣር ምድራቸውን በራሳቸው ደንብ ከግጦሽና ከአጨዳ ለዓመታት እየዘጉ ሲያቆዩ ቀበሮውም አብሮ ተርፏል።