ከመኪናችሁ ስር ተኙ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ሾፌር የመኪናውን ፎቶ ላከልኝ። ላንድክሩዘር ናት። ከፍ ብላለች፣ ጎማዋ ሰፊ ነው፣ አዲሱ ሞላ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከሩቅ ይጣራል። «ጋሼ፣ ለዳናክል አዘጋጀኋት፤ እንዴት ናት?» ይላል።

ታምራለች አልኩት። ከስሯ ተኝተህ አይተሃታል ወይ ብዬ ስጠይቀው ግን መልሱ ዘገየ። በኋላ «ጋራዡ አይቷታል» አለኝ። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። በረሃ ለመውረድ የምትዘጋጁ ሌሎቻችሁም አንብቡት።

ከ30 ዓመት በላይ መሪ ይዣለሁ። አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው እንግዳ ጭኜ ከመቀሌ ወደ አፋር ዝቅታ ስወርድና ስወጣ ነው። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ሐመድ ኢላ ስትደርሱ ከባሕር ወለል በታች ገብታችኋል፤ ዳሎል አካባቢ ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ታች ነው። እንግዳው ፎቶ ያነሳል። መኪናዋ ግን በአንድ ጉዞ ቁልቁለቱን፣ ኮረቱን፣ አሸዋውን፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋዩንና ጨውን ሁሉ ትቀምሳለች፤ የምትቀምሰውም በስሯ ነው።

ስለ ከፍታው ልጀምር፤ መጀመሪያ ገንዘብ የምታፈሱት እዚያ ላይ ነውና። አምስት ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማድረግ አይጎዳም፤ ሆዷ ድንጋይ ላይ እንዳይፈተግ ይረዳል። ከዚያ በላይ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከካምቢዮ ኃይሉን ለጎማዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ይበልጥ ያዘነብልና ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ፣ ክሮቸራው፣ ቶሎ ይበላል። የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። መሪው ቀጥ ብሎ መሄድ እምቢ ይላል። የመኪናዋን ዝላይ የሚገታው አሮጌው አሞርዛተር ሳይቀየር ከቀረ ደግሞ ለአዲሱ ሞላ ያጥራል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ያንን ሁሉ የሚይዘው እሱ ይሆንና ከነመያዣው ይገነጠላል።

ሞላ ከመግዛታችሁ በፊት ጭነታችሁን እወቁ። እኛ ጣሪያው ላይ ባለው ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ላይ፣ አራት ጀሪካን ውሃና ሁለት ጀሪካን ናፍጣ እንጭን ነበር፤ ሁሉም ባለ 20 ሊትር። ውሃው ብቻ 80 ኪሎ ነው፣ ናፍጣው ወደ 34። ከዚያ ላይ ፍራሽ፣ የወጥ ቤት ዕቃና ሁለት ትርፍ ጎማ። ያ ሁሉ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ኩርባ ላይ ሲወዛወዝ አስቡት። ከባድ ከባዱን ወደ ታችና ወደ መሐል አውርዱ፤ ለዚህ አንድ ብር አይወጣም። ለከባድ ጭነት የተሠራ ሞላ ገዝታችሁ ባዶዋን የምትነዷት ከሆነ ደግሞ እንግዳው ጭንቅላቱን ጣሪያ ሲመታ ይውላል።

አሞርዛተር ላይ ግን አትሰስቱ። መሸከም የሞላና የባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበው ዝርግ ብረት፣ ሥራ ነው፤ አሞርዛተር ዝላዩን ይገታል። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ ዝላዩ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ስትነዱ ዘይቱ ይግላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ከዚያ ወዲያ አሞርዛተር አለ ማለት አይቻልም። ናይትሮጅን የተሞላባቸው አረፋውን የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ዋጋቸው ቢወደድም ለዚህ መንገድ ያዋጣሉ።

እንዲህ ካለ መንገድ ስወጣ አቆምና አራቱንም እዞራለሁ። የእጄን ጀርባ ጠጋ አድርጌ ሙቀታቸውን አያለሁ። እንዳትጨብጡት፣ ያቃጥላል። የጋለው እየሠራ ነው። ሦስቱ ግለው አንዱ ከቀዘቀዘ፣ የሞተው ቀዝቃዛው ነው። ብዙ ሰው ግን የጋለውን ነው የሚጠረጥረው።

ስለ ባሌስትራ የማውቀውን ያስተማረኝ የራሴ ስንፍና ነው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ የኋላውን ባሌስትራ አዲስ አስገጠምኩ። መካኒኩ «500 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ተመለስና አስጠብቅ» ብሎኝ ነበር። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች ናቸው፤ አዲሱ ብረት ጭነት ሲያርፍበትና ሲደላደል እነሱ ይላላሉ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በነጋታው እንግዳ መጣ፣ ረሳሁት።

ወደ ኤርታሌ በሚወስደው የድንጋይ መንገድ ላይ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድንጋይ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ መኪናዋ ጎኗን ሰጥታ መሄድ ጀመረች። እኔ ወደ ፊት እነዳለሁ፣ እሷ ወደ ግራ ታያለች። ወርጄ ስር ስገባ ባሌስትራውን መሐል ላይ የሚይዘው ፒን ተቆርጧል፤ አክስሉ በአንድ በኩል አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። በክሪክ አነሳናት። በሰንሰለት ጎትተን፣ እንጨት ወትፈን፣ በገመድ አስረን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቅን ሌሊቱን ተጓዝን። እንግዶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሲነጋ የሚስቅ አልነበረም። ማጥበቁ የ10 ደቂቃ ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እንግዳው እራት ሲበላ እኔ ባትሪና ቁልፍ ይዤ ከስሯ እተኛለሁ። የላላ ዳዶ ራሱን ያሳብቃል፤ ሌላው ሁሉ በአቧራ ተሸፍኖ እሱ ዙሪያ ብቻ የሚያብረቀርቅ ወይም የዝገት ዱቄት ያለበት ቀለበት ይታያል። አሞርዛተሩ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ከያዘ እያፈሰሰ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጎማዎች፣ ጎሚኒዎቹን፣ በጣት ጫን እያላችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።

ጎሚኒ ካልን አይቀር፣ ስሯን ናፍጣ የማስረጨቱን ልማድ ተዉት። ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ደግሞ አቧራ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበው አቧራ በባሌስትራው ብረቶች መሐል ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈጫቸዋል። ይህን ስል የሚቆጡኝ የድሮ ጓደኞች አሉኝ። ይቆጡ።

አንድ ጊዜ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅረን አካፋ ስናነሳ፣ የአፋር መንገድ መሪያችን እጄን ይዞ የግመል ዱካ አሳየኝ። ሰፊ ነው፣ ግን ጠልቆ አልገባም። የእኛ ጎማ የቆፈረውን ቦይ ደግሞ በእግሩ ጠቆመኝ። ሌላ አልተናገረም። አሸዋ ላይ የጎማውን አየር ከ35 ፒኤስአይ ወደ 20 አካባቢ ዝቅ አድርጉ፤ ጎማው ይዘረጋል፣ የባሌስትራውም ድካም ይቀንሳል። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ጋ ስትደርሱ ግን መልሳችሁ ሙሉት፤ ያ ድንጋይ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ስለታም ነው፣ የተዘረጋ ጎማ ጎኑ ይቀደዳል። አስፋልት ላይም በጎደለ ጎማ በፍጥነት ከሄዳችሁ ይግልና ይፈነዳል። ስለዚህ መንፊያ ሳትይዙ አትውረዱ።

አሳሌ የጨው ሐይቅ ዳር እንግዳው «ትንሽ ጠጋ በል፣ ውሃው ላይ ፎቶ እናንሳ» ይላችኋል። አስቡበት። ብዙ መንገድ ስትነዱ ዲፈረንሻሉ ይግላል። የጋለውን ድንገት ውሃ ውስጥ ስታስገቡት በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። እኔ አንድ ጊዜ የዲፈረንሻል ዘይት ሳስቀይር የወረደው ቁርጥ ማኪያቶ ይመስል ነበር፤ ያውም የጨው ማኪያቶ። ኩሽኔታው ብዙ አልቆየም። የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ማስረዘም ርካሽ ሥራ ነው። ከቀዩ ሞላ በፊት እሱን አሠሩ።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልጨምር። ጨው በረሃው ውስጥ እያለ፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ፣ ብዙም አይጎዳም። የሚበላት ደጋ ስትወጡ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይቀልጣል፣ መኪናዋን የተሸከመው ብረት፣ ሻንሲው፣ ውስጥ ይገባል፣ ቤታችሁ ደጃፍ ቆማ ትዝጋለች። ስለዚህ እንደወጣችሁ፣ ሳትተኙ፣ ላቫጆ ውሰዷት።

ላቫጆ ያሉት ልጆች ላይኛውን አሳምረው አጥበው ከስር አንዴ ረጭተው «አልቋል ጋሼ» ይላሉ። አላለቀም። የደረቀው የጨው ጭቃ መጀመሪያ መራስ አለበት። ጨምሬ እከፍላቸውና በንጹሕ ውሃ ያርሱልኛል፣ ሻይ እስክጠጣ ይቆያል፣ ከዚያ ሻንሲው ጎን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውሃውን ወደ ውስጥ ይለቁታል። ከዚያ እኔ ጎንበስ ብዬ ከሻንሲው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን በጣቴ ነክቼ እቀምሳለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል። ጨው ጨው ካለኝ «አንዴ ድገመው» እላለሁ።