«ሰርጉ ቀረ» አይበቃም፤ ማን አስቀረው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ለልጄ ሰርግ ባሕር ዳር አዳራሽ ይዤ ነበር። ጠቅላላ ዋጋው 120,000 ብር ነው። 40,000 ብር ቀብድ፣ 5,000 ብር ደግሞ «የቀን ማስያዣ» ብለው ተቀበሉኝ። ቀኑ ጥር ውስጥ ነበር። መንገድ ስለተዘጋ ተነጋግረን ሰርጉ ቀረ። ገንዘቤን ብጠይቅ «ቀብድ አይመለስም» አሉኝ። በኋላ ስሰማ በዚያው ቀን ሌላ ሰርግ ተደግሶበታል። የሸማች መብት የለኝም ወይ? የደረሰኙን ፎቶ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ቃል ላይ ስደርስ ግን እየቆምኩ ነው። «ተነጋግረን» እና «ቀረ»። ከማን ጋር ነው የተነጋገራችሁት? ከሙሽራው ቤተሰብ ጋር ነው ወይስ ከባለ አዳራሹ ጋር? ሰርግ ደግሞ በራሱ አይቀርም፤ የሚያስቀረው ሰው አለ። ለጎረቤት ሲያወሩ «ቀረ» ይበቃል። ዳኛ ፊት ግን ወሬው የሚጀምረው «ማን አስቀረው? መቼ?» ተብሎ ነው።

የሸማች መብቱን በአጭሩ ልጨርሰው። አለዎት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለራሱና ለቤተሰቡ ብሎ አገልግሎት የገዛን ሰው ይጠብቃል። ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ደረሰኝ የመቀበል፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትም አቤት ማለት ይችላሉ። የእርስዎ ገንዘብ ዕጣ የሚወሰነው ግን በዋናነት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያም ውስጥ በአንዲት አንቀጽ፣ በ1885።

አንቀጿ የምትለው ይህን ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በእርስዎ ሂሳብ 80,000 ብር ማለት ነው። ብዙ ሰው እጥፍ ሲባል የራሱን 40,000 በላዩ ይደምራል። አይደለም፤ 80ው ውስጥ አለ።

እንግዲህ ይታይዎ። ያው አንድ ውል፣ ያው አንድ አዳራሽ ነው። ቀብድ የሰጠው ሰው ግን ወይ ባዶ እጁን ይወጣል፣ ወይ እጥፍ ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ «ትቼዋለሁ» የሚለውን ቃል ማን ቀድሞ ተናገረው የሚለው ነው። ደንበኞቼ ሁሌ የሚወድቁባት ጉድጓድም ይህችው ናት።

የአንዱን ደንበኛዬን ልንገርዎ። ባለ አዳራሹ ቀኑን ለሌላ ሰው እንደሰጠበት ከአንድ አስተናጋጅ ይሰማል። ተናደደ፤ ቢናደድም አይፈረድበትም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩን አንሥቶ «እኛም ትተነዋል፤ ብራችንን መልሱ» ብሎ ጻፈ። ጠዋት ቢሮዬ መጥቶ መልእክቱን ሲያሳየኝ ራሴን ያዝኩ። ክርክሩ ሲጀመር ባለ አዳራሹ በማስረጃነት ያቀረበው ያንኑ መልእክት ነው። ቀኑን ለሌላ መስጠቱን የሚያሳይ ወረቀት ግን በእኛ እጅ የለም። አስተናጋጁም እንጀራው ነውና ሊመሰክር አልመጣም። እጥፍ ሊያገኝ ይችል የነበረ ሰው ዋናውንም አጣ። በአራት ቃል።

ያን ሌሊት መተኛት ነበረበት። በማግስቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይቻል ነበር። «በውላችን መሠረት በዚህ ቀን አዳራሹን ለማስረከብ ዝግጁ ናችሁ ወይ? እስከዚህ ቀን ድረስ በጽሑፍ መልሱልን» ይባላል፤ በቃ። «ለሌላ ሰጥተነዋል» የሚል መልስ ከመጣ ውሉን የተወው ማን እንደሆነ አከራካሪ አይሆንም። ዝም ካሉም ዝምታቸው ይጠቅመናል። ዋናው ነገር «ትቻለሁ» የሚለው ቃል ከእኛ አፍ አለመውጣቱ ነው።

አሁን ወደዚያ ሌላ ሰርግ እንምጣ። እርስዎ መጨረሻ ላይ እንደ ወሬ ጣል አድርገውት አለፉ። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። ግን በሁለት ወገን የተሳለ ነው። ቀኑን ለሌላ የሰጡት እርስዎ «አልመጣም» ከማለትዎ በፊት ከሆነ፣ ውሉን የተዉት እነሱ ናቸው ብለን እንከራከራለን። ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ሰውየው «እኔ ዝግጁ ነበርኩ፤ ይኸው ሌሎች ተሞሽረውበታል» ይላል። እርስዎን ያንገበገበዎት ሰርግ የእሱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚለውን በአንቀጽ 1792 እና 1793 አስቀምጦታል። የመንግሥት ክልከላ፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ጎርፍ የመሳሰሉት ተጠቅሰዋል። ነገር ግን አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት፤ ውሉንም ፈጽሞ እንዳይፈጸም ማድረግ አለበት። ማክበዱ ብቻ አይበቃም። ውሉን የተዋዋሉት መቼ ነው? ይህንንም አልነገሩኝም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በጎጃም መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት መክረሙን ዳኛውም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ተዋውለው ከሆነ «ይህን እያወቁ ለምን ባሕር ዳር ያዙ?» መባልዎ አይቀርም። መልስ የለውም ማለቴ አይደለም። በዚያ ሰሞን ከቡሬ ወዲያ መኪና እንደማያልፍ የሚያስረዳ የመናኸሪያ ደብዳቤ ወይም የወጣ ክልከላ ካለ ማስታወቂያውን ያፈላልጉ። ይህ ከተረጋገጠልን የተወ ሰው የለም፤ 1885ም ወደ ጎን ይላል። ያኔ የምንጠይቀው እጥፍ ሳይሆን የሰጡትን ነው። ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሱ የሚለውን አንቀጽ 1815ን ይዘን።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ ተድራለች? ፍኖተ ሰላም ላይ ድንኳን ጥለው በዚያው ቀን ድረዋት ከሆነ እንኳን ደስ አለዎት። ግን ያ «ቀረ» አይባልም፤ ቦታ ተቀየረ ነው የሚባለው። የወዲያኛው ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። እኔ ከእሱ አፍ ልሰማው አይገባም።

ደረሰኙን በተመለከተ፣ ፎቶው ላይ አውራ ጣትዎ የመጨረሻውን መስመር ሸፍኖታል። ከጥፍርዎ ጎን «አይሆንም» የምትል ቃል ብቻ ትታየኛለች። ምኑ ነው የማይሆነው? «ተመላሽ አይሆንም» ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት አለ ብለው ይይዙብናል። ከላይ ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ቅድመ ክፍያ» ነው። እርስዎ ቀብድ ይሉኛል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቅድመ ክፍያ ከዋጋው ላይ ቀድሞ የተከፈለ ነው፤ ውሉን የተወ ሰው ይጣው የሚለው ደንብ የተጻፈው ለቀብድ ነው። የትኛው ስም እንደሚጠቅመን የሚታወቀው ማን እንዳስቀረው ሲታወቅ ነው። እነሱ ከሆኑ ቀብድ ይሻለናል፤ እርስዎ ከሆኑ ቅድመ ክፍያ። እስከዚያው በየሄዱበት «ቀብዴን» እያሉ ባያወሩ ጥሩ ነው። 5,000 ብሯ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የለችም። በቴሌብር ወይም በባንክ ከላኳት የተላከበትን ያውጡ። በእጅ ከሰጡ ማን እንዳየ ያስታውሱ።

ይህን ሁሉ የምለው ሰነዱን ሳላይ ነው፤ እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት። የውሉን ወረቀት፣ የደረሰኙን ሙሉ ፎቶ እና ከባለ አዳራሹ ጋር የተጻጻፋችሁትን አንድም ሳያጠፉ ይዘው ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ ያማክሩ። የአቅም ጉዳይ ከሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በመሠረቱ የ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ አለው። ጊዜ አለኝ ብለው ግን አይተኙ፤ ምስክር ይረሳል፣ ስልክም ይጠፋል። «ግማሹን ውሰድና ፈርም» ቢሉዎት «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ጠበቃ ሳያየው እንዳይፈርሙ። እርስዎም ለጊዜው አይደውሉላቸው። እነሱ ከደወሉ «አማክሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ይበሉና ስልኩን ይዝጉት።